አባቴ የመረጡት ውሻ

ነገሩ የሆነው በ2013 ክረምት ማብቂያ፣ ጦርነቱ መርሳ የደረሰ ጊዜ ነው። ያኔ የሆነውን ሰው ሁሉ ሲያወራ የሚያነሳው መድፉንና ሽሽቱን ነው። እኔን ግን አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ የሁለት ውሾች ነገር ነው። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ!

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ፣ «ፋጡማ፣ አንቺ እንኳ ውሻ ታውቂያለሽ፤ የፈረንጁን ላሳድግ ወይስ የሐበሻውን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት ፓፓያዬን መደርደር ቀጠልኩ። ተቀይማኝ ሄደች መሰለኝ። ምን ላድርግ፣ መልሱ በቆመበት የሚያልቅ አይደለም። እስቲ እዚህ ልጻፈው።

እኔ መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ፍራፍሬ እሸጣለሁ። አውቶብስ ሲቆም ብርቱካን ይዘው መስኮት ሥር ከሚሮጡት ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ። አፏ ስል ነው ይሉኛል። አፍ ሳይስል ብርቱካን የሚሸጥ ካለ ያሳዩኝ! ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤት የሚውልበት ቀን ትንሽ ነው። ስለዚህ ቤቱ የሁለት ሴት ልጆቼ፣ የኔና የአባቴ የሼህ ይማም ነው።

አባቴ የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ቦይ ለገበሬው በተራ የሚያካፍል፣ በውሃ ሲጣሉም የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል፤ በዱላ ነው የሚሄዱት። ቢሆንም ጧት ቦዩን ሳያዩ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። ሰው ተነስቶ የሚሄድበት ነገር ከሌለው ሞቷል ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ከጦርነቱ በፊት በነበረው በጋ ጓሯችን ያለውን ፍራፍሬ ሌባ ፈጀብን። ቀን ጦጣ፣ ሲመሽ ሰው። ውሻ ያስፈልገናል አልኩ። አባቴ በውሻ ነገር ጥብቅ ናቸው። ለአዝመራ ጥበቃ ይፈቀዳል፣ ቤት ግን አይገባም፤ ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም። ምራቁ ነጃሳ ነው፤ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር። እሺ ለማለት እንኳ መጀመሪያ ንጹሕ አፈር አስመጥተው ከግድግዳው ሥር አስከመሩ። ውሻው ሳይመጣ አፈሩ ቀደመ።

ወልድያ የሚያስተምር መምህር ዳንኤል የሚባል ደንበኛ ነበረኝ። ወደ ደሴ ባለፈ ቁጥር ወርዶ ብርቱካን ይገዛኛል። ውሻ እንደምፈልግ ሲሰማ የራሱን አመጣልኝ። ጀርመን የሚሉት ዘር ነው፤ ሬክስ ይባላል። አከራዩ ውሻ አልፈልግም ብለውት መግቢያ አጥቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ የአጎቴ ልጅ ሰይድ ከውርጌሳ አንድ ጥቁር የሐበሻ ውሻ በገመድ እየጎተተ መጣ።

መምህሩ ያን ቀን ቤታችን ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሁለቱን ውሾች እያየ አስተማረኝ። አባቴ በሩ አጠገብ መስገጃቸው ላይ ሆነው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ።

«ፋጡማ፣ ውሻ የሚመረጠው በመልክ አይደለም፣ በኑሮ ነው» አለኝ። «የኔው ብዙ ይበላል። ምግቡን ራሱ ፈልጎ አያገኝም፤ ካልሰጡት ይራባል። ሰው ይወዳል፤ ሰው ካጣ ያመዋል። ነጎድጓድ ይፈራል። ትልልቆቹ ዘሮች ዕድሜያቸውም አጭር ነው። አንቺ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ነሽ። ለኑሮሽ የሚስማማው የሐበሻው ነው፤ ለራሱ ያድራል።»

«ታዲያ ይሄን ጉድ ለምን ታመጣብኛለህ?» አልኩት።

«የት ላድርሰው?» አለኝ። ሳቅን። አይቼ አንዱን እመልሳለሁ ብዬ ሁለቱንም ያዝኩ።

ጥቁሩን አባቴ ቻለው አሉት። ሬክስ የሚለው ስም ግን አፋቸው ላይ አልገባ አለ። «እንግዳው» አሉት፤ በዚያው ቀረ።

ቻለው እውነትም ቻይ ነው። ገበያ ውሎ አጥንቱን ቆርጥሞ ይመጣል፤ ማታ የሌባ ጥላ አያሳልፍም። እንግዳው ቁመናው የጄኔራል፣ ልቡ የጫጩት ነው። መምህሩ እንዳስተማረው «ሲት» ሲሉት ቁጭ ይላል፤ እጅህን ሲሉት እጁን ይሰጣል። ልጆቼ አበዱለት። የሰኔ ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ያ ሁሉ ቁመና ከብርቱካን ሳጥን ኋላ ገብቶ ይንቀጠቀጣል። ጦጣዎቹ ሳይቀሩ ናቁት፤ እሱ እያየ ፓፓያውን ይልጡት ነበር። የሚበላው ደግሞ የአንድ የቀን ሠራተኛ ያህል ነው። አባቴ በዱላቸው ያርቁታል። እሱ ግን ያው ራቅ ብሎ ይተኛና ዓይኑን ከሳቸው ላይ አይነቅልም።

ቁርጥ አደረግሁ። እንግዳው ይሄዳል፣ ቻለው ይቀራል። ለመምህሩ ልደውልለት ዛሬ ነገ ስል ጦርነቱ ቀደመኝ።

መጀመሪያ ከቆቦ፣ ከዚያ ከወልድያ የሸሸው ሰው አስፋልቱን ሞላው። አውቶብስ ቀረ። ብርቱካኔን ለተራቡ ልጆች አደልኩትና ጠረጴዛዬን አጠፍኩ። ባለቤቴ ሚሌ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። መድፉ ከሲሪንቃ በኩል መሰማት ሲጀምር አንድ ሾፌር አይሱዙውን አቁሞ ወደ ደሴ ሰው መጫን ጀመረ። ልጆቼን በአንድ እጄ፣ ፌስታሌን በአንድ እጄ ይዤ አባቴ ዘንድ ሮጥኩ።

«አባባ፣ በሞቴ ይነሱ።»

«ጥቢው ሲገባ ውሃውን ማን ያካፍላል?» አሉኝ።

«ያ ረቢ! ገበሬው ራሱ ሸሽቷል እኮ አባባ!»

«የቀረ አለ። ሁለት ሰው ካለ ተራ አለ።»

ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ለአባት አይባልምና ዋጥኩት።

ሰይድ ላሞቻችንን ይዞ በእግር ወደ ተራራው፣ ዘመዶቻችን ዘንድ ሊወጣ ተነስቷል። «ጅብ የሚያባርርልኝ አንዱን ውሻ ስጡኝ፤ አንዱ ከሼሁ ጋር ይቅር» አለ። እኔ ሐሳቤን ጨርሼ ነበር። ቻለው ከአባባ ጋር ይቀራል፣ እንግዳውን ሰይድ ይውሰደው።

«እብድ ነሽ?» አለኝ ሰይድ። «ይሄን የመንግሥት ውሻ የሚመስል ይዤ ተራራ ልውጣ? ያየኝ ሁሉ ወታደር ነህ ይለኛል። ልታስፈጂኝ ነው?»

«እንግዲያው ልቀቀውና የራሱን ይወቅ!» አልኩ። ጨክኜ አይደለም፤ የምጨነቅለት ሌላ ነበረኝ።

አባቴ ዱላቸውን መሬት መቱ። «እንግዳው ከኔ ጋር ይቅር» አሉ።

እኔ ደረቅሁ። «አባባ! እሱ አንቱን አይጠብቅም፣ አንቱ ነዎት የሚጠብቁት! ቤት ውስጥ ያለው ዱቄት ለአንቱም አይበቃ። ተኩስ ሲሰማ ያብዳል። አንቱ አይነኩት፣ እሱ ያለ ሰው አይሆንለት። ቻለውን ይተዉ ስልዎ!»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «መኪናው እንዳይሄድብሽ።»

አይሱዙው ላይ ወጥቼ ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እንግዳው ራቅ ብሎ ቁጭ ብሏል። ቻለው ገመዱን እየጎተተ ከሰይድ ጋር ተራራውን ጀምሯል። ከአባቴ ጋር መቅረት የነበረበት እሱ ነበር እያልኩ ደሴ እስክገባ ድረስ እንግዳውን ረገምኩት።

ደሴም አልበጀችንም፤ ደብረ ብርሃን ደረስን። መጠለያ ውስጥ ስንኖር ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። ከመርሳ መጣ የተባለ ሰው ሲገኝ እንደ እብድ ሮጬ እይዘዋለሁ። «ሼህ ይማምን፣ የውሃ አባቱን አይተሃል?» ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ማታ ማታ ዱቄቱን በሐሳቤ እሰፍረዋለሁ። አባባ ብቻቸውን ቢሆኑ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ ሆዳም ጋር ግን አይበቃቸውም። በዚህ ዕድሜያቸው ውሻ እያበሉ በረሃብ ሊሞቱ ነው እላለሁ። ለሰው እንኳ ብነግረው ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን በአፋር በኩል ዞራ የመጣች የመርሳ ሴት አገኘሁ።

«አባትሽ በሕይወት አሉ» አለችኝ። ተንበርክኬ መሬቱን ልስም ስል፣ «ግን...» አለች።

«ግን ምን? ንገሪኝ እንጂ!»

«ከውሻው ጋር ናቸው። ቂጣውን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ለሱ ሲሰጡ አይቻለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ...» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከውሻው ጋር በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው አየኋቸው። ፋጡማ፣ እህቴ፣ አትዘኚብኝ። አእምሯቸውን ሳይነካቸው አልቀረም።»

አባቴ? ውሻ ጫማቸውን ቢያሸት ሰባት ጊዜ የሚታጠቡት አባቴ? ደነገጥኩም፣ አፈርኩም። ሌሎቹ ሴቶች እንዳይሰሙብኝ ፊቴን በሻሼ ሸፍኜ አለቀስኩ። አካላቸው ተርፎ ልባቸው ከሄደ ምን ተረፈኝ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው አልኩ።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያ ከተመለሱት ውስጥ ነበርን። ውርጌሳን ስናልፍ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። መርሳ ስንገባ የኔ ቦታ ላይ የተቃጠለ መኪና ተጋድሟል። ሮጥን። የግቢያችን አጥር የለም። በሩ ተገንጥሏል። ደፉ ላይ አንድ ነገር ተኝቷል፤ እንግዳው ነው። አጥንቱ ከውጪ ይቆጠራል። መጀመሪያ አጉረመረመብን፤ ከዚያ ልጆቼን ሲያውቅ ድምፁ እንደ ሕፃን ለቅሶ ሆነ። እሱን ተራምጄ ገባሁ።

አባቴ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም፤ እንዲያ ከስተዋል። ቀና ብለው አዩን።

«መጣችሁ? አልሐምዱሊላህ» አሉ። ልጆቹን ሳሙ፣ እኔን ሳሙኝ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «እንግዳው አልበላም። የያዛችሁት ነገር አለ?»

«አንቱስ በልተዋል?» ብዬ ጮህኩ። በሶዬን አውጥቼ በጠበጥኩ፤ ስጣደፍ ግማሹን አፈሰስኩት። ሴትዮዋ ያለችው እውነት ነው፣ አባቴ ሄደዋል ብዬ ነበር።

የሆነውን የነገሩኝ ያልሸሹት ጎረቤታችን እትዬ አሰገደች ናቸው። በማግስቱ ሊጠይቁን መጥተው በር ላይ ቁጭ አሉ። አባቴ እንዳይሰሙ ቀስ ብለው ያወሩልኝ ጀመር።

እኛ በሄድን በሁለተኛው ሳምንት ግድም፣ ከቀትር በኋላ ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየፈተሹ መጡ። ግቢያችን ሲገቡ እንግዳውን አዩ።

«ይሄ የወታደር ውሻ ነው። ጌታው የት ተደበቀ?» አሉ።

«አደራ ነው። ያስቀመጠው አስተማሪ ነው» አሉ አባቴ።

«የሠለጠነ ከሆነ አሁን ይታወቃል» አለ አንዱ። ወደ ውሻው ዞሮ «ሲት!» አለው። ቁጭ አለ። ያ ሞኝ ውሻ! እጁን ሲዘረጋለት ደግሞ እንደ ለመደው እጁን ሰጠው። የሰዎቹ ፊት ተለወጠ። አባቴን ከግድግዳው አስጠጓቸው። «ሽማግሌ፣ መኮንኑን አውጣ!»

እትዬ አሰገደች በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ። አንዱ ሊያስፈራራ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ። ይሄኔ ያ ጄኔራል የሚያክል ውሻ ጮኾ፣ ሽንቱን ለቆ፣ እየተሳበ መጥቶ ከአባቴ ጋቢ ሥር ገባ። ከጉልበታቸው መሐል ተሸጉጦ ጭራው ብቻ ውጪ ቀረ። ሽማግሌውን ሊጥላቸው ምንም አልቀረው። በጭንቅ እጃቸውን ይልሳል። የተኮሰው ልጅ መጀመሪያ አፈጠጠ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። «ይሄ ነው የወታደር ውሻ!» ብሎ ሆዱን ያዘ። ሌሎቹም ሳቁ። ዶሮዎቹን ይዘው ወጡ።

«በእመቤቴ፣ ያ ፈሪ ነው ያተረፋቸው» አሉኝ እትዬ አሰገደች። «ደፋር ውሻ ቢሆን ይዘላል፤ ቢዘል ሁለቱንም ይጨርሷቸው ነበር። እኔ ሮጬ ሄድኩ። ‹ሼህ ይማም፣ ይቀመጡ እንጂ› ብላቸው አይሰሙኝም። እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አድርገዋል። ‹አሰገደች፣ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ነይ እይ› አሉኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መድፍ በተሰማ ቁጥር ውሻው ወደሳቸው ይሮጣል፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን ይከፍቱለታል። ሲበርድለት ያስወጡትና ቦዩ ዘንድ ወርደው ይታጠባሉ። ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። የሶላት ልብሳቸውን ለብቻ ምሰሶው ላይ ሰቅለው ያኖራሉ። ወጥቼ ግድግዳው ሥር አየሁ። ያ ከምረውት የነበረው አፈር አልቆ ቦታው ጎድጉዷል። ከጎኑ ሌላ ተቆፍሮ ተከምሯል።

አባቴ አእምሯቸው አልተነካም ነበር። ያን ሁሉ ሲሆኑ ሰባቷን አላጎደሉም። እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይሄኛው ለቅሶ አላሳፈረኝም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ስልክ ሲመለስ መምህር ዳንኤል ደወለ። አዲስ አበባ ግቢ ያለው ቤት ተከራይቷል፤ ሬክስ ካለ በሳምንቱ መጥቶ ይወስደዋል። እኔ ደስ አለኝ። ለምን ልዋሽ? በርዳታ ስንዴ የምንኖር ሰዎች ነን፤ አንድ አፍ ቢቀንስልን እኔ ምን ገዶኝ! ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ባለቤቱ ከጠየቀ ሐቁ ነው። ይውሰድ» አሉ።

በማግስቱ ጧት ከአልጋቸው አልተነሱም። ጉልበቴን ነው አሉ። ልጆቼ እንደ ልማዳቸው እንግዳውን አበሉት፣ ውሃም ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ምግብ እምቢ አሉ። የጤና ጣቢያው ሰውዬ መጥቶ አይቶ፣ «ሕመም አላገኘሁባቸውም» አለኝ። ቦዩ በከባድ መኪና ጎማ ተደርምሶ ደርቋል፤ የሚካፈል ውሃ የለም። ቤቱን ደግሞ እኛ ይዘነዋል። እንደኔ ከሆነ ማረፋቸው ነበር። ጦርነት ያለፈ ሰው በገዛ አልጋው፣ ልጁ አጠገቡ እያለች እንዲህ እያነሰ ሲሄድ ማየት! ፍርሃቴ ከደብረ ብርሃኑ በለጠ።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኩ። «ያን ቀን ቻለውን ይተዉ ስልዎ ለምን እንግዳውን መረጡ?»

ጣሪያውን እያዩ ተናገሩ።

«መምህሩ ሲነግርሽ እሰማ ነበር። ውሻ በኑሮ ይመረጣል አላለሽም? የኔን ኑሮ አየሁት። ልትሄዱ ነው፤ ባዶ ቤት ነው። ቻለው ለራሱ ያድራል። እሱ ቢቀር ኖሮ የማንም ሐቅ አይኖርብኝም፤ ጋደም ብዬ አጀሌን፣ የሞቴን ቀን፣ እጠብቅ ነበር። ይሄኛው ግን ሲነጋ ያለቅሳል። ስለዚህ እነሳለሁ። እሳት አነዳለሁ፣ ቂጣ እጋግራለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። ለራሴ ብዬማ አልጋግርም ነበር፣ ፋጡማ። እሱ ሲበላ እኔም በላሁ።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሰው ካጣ ያመዋል አለሽ አይደል? ያን ሲል እኔን መስሎኝ ነበር» አሉ።

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ጓሮ ሄጄ ለመምህሩ ደወልኩ።

«መምህር፣ አትምጣ» አልኩት።

«ምነው? ሞተ እንዴ?»

«ኧረ የለም! ሥራ አለበት።»

ሁሉንም ነገርኩት። «በቃ፣ የናንተ ይሁን» አለኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

በማግስቱ ልጆቼን ጠርቼ አስጠነቀቅኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ለእንግዳው ቁርስ የሚሰጥ ሰው እንዳላይ!» ዓይናቸው ፈጠጠ። የቀረች ቂጣ ከአባቴ አልጋ አጠገብ፣ እጃቸው የሚደርስበት አስቀመጥኩና ወጥተን በሩ ውጪ ቆምን። ውሻው ጠበቀ፣ ጠበቀና ማልቀስ ጀመረ። አባቴ «ልጆች!» ብለው ተጣሩ። ዝም አልን። ደግመው ተጣሩ። ልጆቼ ሊሮጡ ሲሉ ቀሚሳቸውን ይዤ አስቀረሁ። ያቺ ደቂቃ መቼም አትረሳኝም። ቢነሱ ተነሱ፣ ባይነሱ ግን ምን እሆናለሁ?

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ዱላቸው መሬቱን መታ፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ።

«ፋጡማ! ይሄ ፍጥረት ጦሙን ነው እንዴ? አላህን አትፈሪም? በሰው ቤት እንግዳ ሲራብ!»

«ውይ፣ ረሳሁት አባባ!» አልኩ። ፊቴን ቢያዩት ኖሮ ውሸቴ ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ቦዩ ተጠግኗል፤ ተራውን ግን አሁን ወጣቶቹ ናቸው የሚይዙት። ሰይድ ከብቶቹን ይዞ ተመልሷል፤ ቻለውም የሱ ሆኖ ቀረ፣ አሁንም ለራሱ ያድራል። ባለቤቴ ወደ መኪናው፣ እኔም ወደ አስፋልቴ ተመልሰናል። እንግዳው ቁርሱን የሚቀበለው ከአባቴ እጅ ብቻ ነው። እኔ በየጧቱ «እረሳለሁ»፤ አባቴ እየሰደቡኝ ይነሳሉ። ፋጡማ ውሻ አስርባ የምታድር ጨካኝ ናት የሚለው ወሬ መርሳ ውስጥ ያልደረሰው የለም። አንዳንድ ደንበኞቼም ሰምተውታል። አላስተባብልም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የእንግዳው አፍንጫ ዙሪያ ነጥቷል። ሲነሳ የኋላ እግሩን ይጎትታል። ትልልቆቹ ዘሮች ዕድሜያቸው አጭር ነው ያለኝ መምህሩ ጧት ጧት ይታወሰኛል። ለሶላት በቆምኩ ቁጥር አብሬ የምለምነውን አላህ ያውቀዋል። ለውሻ ዱዓ ይደረጋል ወይ ብዬ አባቴን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፤ ለምን ጠየቅሽ እንዳይሉኝ እተወዋለሁ።

ጎረቤቴ ይህን ካነበበች መልሴ ይሄው ነው። የትኛው ውሻ ይሻላል ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ፣ እህቴ። ጧት ማን እንዲነሳልሽ እንደምትፈልጊ አንቺው ታውቂያለሽ።

ዛሬም ጧት ተሰድቤያለሁ። አልሐምዱሊላህ።